በሩን የከፈተው ሰውዬ ደብዳቤ

የታሪክ መምህሯ ሰው መናቅ ያውቁበታል ከሚባሉት ናት። ርዕሰ መምህሩን ትንቃለች፤ እሱ ከስልጠና ይዞት የመጣውን «አዲስ ዘዴ» ደግሞ ከእሱም አብልጣ ትንቃለች። ዘዴው ተማሪዎች በድሮ ሰው ቦታ ሆነው ደብዳቤ እንዲጽፉ ነው። የግድ ስለሆነባት፣ በጠላት ተከቦ ስለከረመ አንድ ከተማ አስተማረችና አስጻፈች። ከተማው በረሃብ ሲያልቅ ከርሞ፣ በመጨረሻ አንድ ነዋሪ የቅጥሩን በር ከውስጥ ከፍቶ ለጠላት አስረክቦታል።

ደብዳቤዎቹን ስታነብ ሳቋ መጣ። ክፍሉ በሙሉ ጀግና ሆኗል። አንዱ ጎራዴውን ታጥቆ «ውድ እናቴ፣ አታልቅሺ» ይላል፤ ሌላው አንገቱ ከተቆረጠ በኋላም መጻፉን አላቆመም።

በማግስቱ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ወረወረቻቸው። «እሰይ! ይሄ ሁሉ ጀግና እያለ በሩን ማን ከፈተው? ንፋስ ነው? በሉ አሁን ደግሞ የከፈተውን ሰውዬ ሆናችሁ ጻፉ። ከሃዲ ምን ብሎ እንደሚያመካኝ እንስማው እስቲ።»

ልትስቅበት ተዘጋጅታ ነበር። ከኋላ የምትቀመጠው፣ ድምጿ ስለማይሰማ «ዝምታ» የሚሏት ልጅ ግን እንዲህ ጽፋ ሰጠቻት፦

«ይህን ለምታነቢው ሴትዮ። የጫማ ቆዳ ቀቅዬ ለልጄ ስሰጣት ‹ይጣፍጣል› አለችኝ። ያን ቀን ከፈትኩት። የአዛዦቻችን ፊት ግን ወዙ አልጠፋም ነበር። አንቺ ምሳሽን በልተሽ፣ ጥርስሽን እየጎረጎርሽ ከሃዲ በይኝ። እኔም እንቅሻለሁ።»

መምህሯ ምሳ በልታ፣ በእርግጥም ጥርሷን እየጎረጎረች ነበር። እንዲህ ፊት ለፊት የናቃት ሰው ገጥሟት አያውቅም። ፊቷ ጋለ። ስቴኪኒዋን ጣለችና ደብዳቤውን ይዛ ወጥታ፣ በኮሪደሩ ሰሌዳ ከጀግኖቹ በላይ ለጠፈችው።

ርዕሰ መምህሩ ከረባቱን እያስተካከለ እየሮጠ መጣ። «የወላጆች ቀን ደርሶ የከሃዲ ደብዳቤ? ያንሱልኝ እንጂ!»

«ዘዴው ያንተ አይደል?»

«እኔ ያልኩት የሚያኮራ ነገር እንዲጽፉ ነው! ሰው ምን ይለናል?»

«አንተንም ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ያኔም ከጎንህ ካለው ልጅ ነበር የምትገለብጠው፤ ዛሬም ያው ነህ።»

ሰውየው ደብዳቤውን ቦጭቆ ቀደደው። ክፍሏን ነጥቆ ለስፖርት መምህሩ ሰጠባትና እሷን የቤተ መጻሕፍት አቧራ እንድታራግፍ መደባት።

በወላጆች ቀን እናት አባት ሁሉ በጀግኖቹ ደብዳቤ ፊት እየቆመ ፎቶ ተነሳ። መምህሯ በቤተ መጻሕፍቱ መስኮት እያየች አፏን አጣመመች። በዚህ መሃል ዝምታ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

«ቲቸር፣ ቀደዱት አሉ።»

«አዎ። ሌላ ምን ያውቃል?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «‹እንቅሻለሁ› ያለው እኮ ሰውየው ነው። እኔ አይደለሁም።»

«ውሸታም» አለች መምህሯ፤ ወንበርም ሳበችላት። «ተቀመጪ። እንደገና ጻፊው። አሁን ደግሞ አዛዦቹን እንዳትምሪያቸው።»