ዳኛው የተፋው ክኒን

ልብስ ሰፊዋና ሰዓት ሠሪው ባሏ ከተኳረፉ ዓመት ከሁለት ወር ሆኗቸዋል። ኩርፊያ ሲባል ጀርባ ሰጥቶ መተኛት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አንዲት ቃል ፊት ለፊት አይነጋገሩም። ቤት ደግሞ ያለ ቃል አይውልምና የሚነጋገሩት በድመቱ በዳኛው በኩል ነበር።

«ዳኛው፣ ጋዙ አልቋል በላት» ይላል እሱ።

«ዳኛው፣ ትናንት ነው ያስሞላሁት፤ መክፈቻውን ያዙረው በለው» ትላለች እሷ፣ ሦስት እርምጃ ርቃ ቆማ። ዳኛው ግን አንዱን ካንዱ ሳያበላልጥ ሁለቱንም ይንቃቸው ነበር።

ድመቱ የልጃቸው ነው። ልጅቷ ከአባቷ ጋር ተጣልታ ሻንጣዋን አንጠልጥላ የወጣች ቀን እናት «አንተ ነህ ያባረርካት» አለች። አባት «ከእንግዲህ ከአፌ ቃል አትሰሚም» አለ። ይኸው ቃሉን ጠበቀ። በሌላ በሌላው ነገር እንዲህ ቃሉን ቢጠብቅ ኖሮ ምን ይወጣለት ነበር!

እንግዲህ ይህ አገናኛቸው ነው የታመመው። ወጣቱ የእንስሳት ሐኪም ደረቱን አዳመጠና የሳንባ ምች ነው አለ። ከዚያው ዕለት ማታ ጀምሮ፣ ጠዋትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ አንድ ክኒን፣ ለሰባት ቀን። የጠዋቱ የእሷ፣ የማታው የእሱ ተራ እንዲሆን በዳኛው በኩል ተስማሙ። እሷ በሥጋ ጠቅልላ ሰጠችው፤ ሥጋው ሲጠፋ ክኒኑም የጠፋ መሰላት። እሱ በሰዓት መሥሪያ ወረንጦው ጉንጩ ውስጥ ከቶለት ሄደ። ሁለቱም «ዋጠ በላት»፣ «ዋጠ በለው» ተባባሉ። እንቢ ብሎኝ ታግዬ ነበር ያለ ግን የለም። አቅቶኛል ማለት ነዋ! ማን አፉን ሞልቶ ይበለው?

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ የወደቀባትን የሸሚዝ ቁልፍ ስትፈልግ የስፌት ማሽኑን ከግድግዳው ሳብ አደረገች። ከኋላው አራት ነጭ ክኒን ተደርድሯል፤ ተልሶ፣ አቧራ ለብሶ። የሰጡት አራት፣ የተገኘው አራት።

ዳኛው በብጥስጣሽ ጨርቅ ቅርጫት ውስጥ አፉን ከፍቶ ያለከልካል። ሆዱ ገባ ወጣ ይላል። ስትጠራው ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። ለሐኪሙ ደወለች።

«እናቴ፣ እኔ ከከተማ ውጭ ነኝ፤ የምመለሰው ነገ ነው» አላት። «ዛሬ መድኃኒቱ ካልገባለት የሚያድር አይመስለኝም። ሁለት ሆናችሁ ስጡት። አንዱ በፎጣ ጠቅልሎ ይያዘው፣ አንዱ አፉን ይክፈት። አፍንጫውን ከላሰ ዋጠ ማለት ነው። ሰው አለ አጠገብዎ?»

«አለ» አለች።

አለች እንጂ ብቻዋን ነው የሞከረችው። አንዴ ተፋው። ሁለተኛ ተፋው፣ ነከሳት። በሦስተኛው ክኒኑ በላቧ ሟሙቶ ጣቷ ላይ ቀረ። ወለሉ ላይ ተቀምጣ እንደ ልጅ አለቀሰች። ለልጄ ምን ብዬ ነው የምነግራት? አደራ ብላኝ ነው የሄደችው፤ ሌላ ምን ትታልኛለች?

ባሏ ከሱቁ ሲመለስ እዚያው ወለሉ ላይ አገኛት። እንደ ልማዱ ወደ ቅርጫቱ ዞረ።

«ዳኛው፣ ምን ሆነሻል በላ—»

«እሱ ምንም አይለኝም!» ጮኸች። «እየሞተ ነው! ለእኔ ተናገር፣ ለእኔ!»

ሰዓት ሠሪው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጡትን አራት ክኒኖች አየ። ኮቱን ሳያወልቅ ተንበረከከ።

«ያዢው» አለ።

በፎጣ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። ከሰሊጥ ያነሰ ብሎን የሚያነሳው ጣት ዛሬ ክኒን መያዝ አቃተው፤ ሁለቴ አምልጦት ወደቀ።

«ከጎን በኩል፣ ከጥርሱ ኋላ» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም!»

ወደ ጉሮሮው ጥልቅ አድርጎ ጨመረና መንጋጋውን ገጠመ። እሷ አንገቱን ወደ ታች ታሻሽ ጀመር። ዳኛው ዝም። ሁለቱም አፍንጫውን ብቻ ያያሉ። ብዙ ቆይቶ ቀጭን ምላስ ወጣችና አፍንጫውን ላስ አደረገች።

አልለቀቁትም። እጁ እጇ ላይ እንዳረፈ ቀረ።

«ልጅቷ ትደውላለች?» አለ ሰዓት ሠሪው፣ ፎጣውን እያየ።

«በየሳምንቱ። ስለ እሱ ልትጠይቅ።»

«ስለ እሱ ብቻ?»

«ስለ እሱ ትጨርስና ‹ሌላውስ?› ትላለች።»

«ምን ትያታለሽ?»

«‹ይበላል፣ ይተኛል› እላታለሁ።»

አንገቱን ደፋ። እንደገና ተዘጋ፣ በቃ፣ ብላ ተስፋ ቆረጠች። ፎጣው ውስጥ የድመቱ ትንፋሽ አሁንም ይቆራረጣል፤ ይደር አይደር የሚያውቅ የለም።

«ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀስቅሺኝ» አለ በመጨረሻ። «እኔም ብቻዬን አልችልም።»