የድንጋይ ካባው ወይራ

ፀጉር አስተካካይዋን የቦንሳይ ፍቅር ያስያዛት ታላቅ ወንድሟ ነው። ወንድሟ ጎሚስታ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎማ ከቸርኬ ሲያላቅቅ ይውልና፣ አመሻሹ ላይ ከቤታቸው ጀርባ ባለችው ጠባብ ግቢ፣ ሳህን በምታህል ገበታ ከተተከሉት ድንክ የቦንሳይ ዛፎቹ ፊት ዱካ ላይ ቁጭ ይላል። ያ ብረት የሚያጣምም ክንዱ ቀጭን ሽቦ በቅርንጫፍ ላይ ሲጠመጥም፣ የሕፃን ልጅ ፀጉር የሚጎነጉን ይመስላል።

እሷ መጀመሪያ ላይ ታፌዝበት ነበር። "ጋሼ፣ እግዜር ትልቅ አድርጎ የሠራውን ዛፍ አንተ ምን አግብቶህ ታሳንሰዋለህ?"

"አንቺስ እግዜር ያበቀለውን ፀጉር እየቆረጥሽ አይደል የምትኖሪው?" አላት አንድ ቀን። ስቃ ሳትጨርስ መቀሷን አምጥታ ከጎኑ ተቀመጠች። በዚያው ቀረች።

ከሁሉ የምትወደው ግን ፍለጋውን ነበር። እሁድ እሁድ በወንድሟ አሮጌ ፒክአፕ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ችግኝ አይደለም። ፍየል የጋጠውን፣ ድንጋይ የተጫነውን፣ ንፋስ ያጎበጠውን፣ በዕድሜው አዛውንት በቁመቱ ከጉልበት የማያልፍ ዛፍ ነው። እንዲህ ያለውን ያገኙ ቀን ሁለቱም ልጅ ይሆናሉ፤ በሆዳቸው ተኝተው ግንዱን ከሥር ሲያዩት ላለፈ ላገደመ ጤነኛም አይመስሉም።

ሥራ ካቆመ የድንጋይ ካባ አፋፍ ላይ የበቀለችውን ወይራ ወንድሟ ሲያሳያት ልቧ ቀጥ አለ። ግንዷ የሰው ጭን ያክላል፤ ከስንጥቅ ወጥታ፣ ወደ ገደሉ ተጎንብሳ፣ እንደገና ቀና ብላለች። የካባውን ባለቤት አስፈቅደው የአንድ ወገን ሥሯን ቆርጠው፣ አዲስ ሥር እንድታወጣ አፈር አልብሰዋት ተመለሱ። ክረምቱ ሲያልፍ ሊያነሷት ሄዱ።

ዲጅኖውን ከድንጋዩ ስንጥቅ ከተው ሲፈለቅቁ አንድ ሞተር ሳይክል መጥቶ ቆመ። የሚያውቁት አናጢ ነበር። የወንድሟ የድሮ ጓደኛ ነው፤ ስለ ድንክ ዛፍ ያስተማረውም እሱ ነው። በምን እንደተኳረፉ ለእሷ የነገራት ሰው የለም።

"ሳትነግረኝ?" አለ አናጢው። የሞተሩን ቁልፍ እንኳ አልነቀለም። "ይቺን ዛፍ ማን ነው ያሳየህ?"

ወንድሟ ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አፈር ያነሳ ጀመር።

"ንገራታ!" አለ አናጢው። "አብረን እናነሳታለን ብለህ እጄን አልመታህም?"

እሷ ወንድሟን አየችው። ጎሚስታው ዓይኑን ወደ አፈሩ ጣለ። ያን ጊዜ ሰውዬው እውነቱን እንደሆነ ገባት፤ ስለገባት ደግሞ ይበልጥ ተናደደች። "አሁን ሂድልን፤ ሌላ ቀን ተነጋገሩ" አለችው።

አናጢው ከሞተሩ ሳጥን መጥረቢያውን አወጣ። "እንግዲያው ማናችንም አንወስዳትም" አለና ግንዷን መታት። ፍንጣሪው የፀጉር አስተካካይዋ ፊት ላይ ተረጨ። ወይራዋ ከመሃል ተሰነጠቀች። ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነሳ ወንድሟ "ተው!" ብሎ እጁን በግንዱ ላይ ጣለ። መጥረቢያው እየወረደ ነበር፤ አልተመለሰም።

ጎሚስታው አልጮኸም። ግራ እጁን አንስቶ አየው። ሁለቱ የዳር ጣቶቹ ቦታቸው ላይ የሉም። አናጢው "እኔ... እኔ እኮ..." እያለ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ፀጉር አስተካካይዋ ዲጅኖውን ከስንጥቁ ነቅላ የአናጢውን ጉልበት መታች። አጥንቱ ሲሰበር ሰማችው። ሰውየው ተዘረረ፤ መጥረቢያው እየተንኳኳ ገደል ገባ። እዚያ ላይ ማቆም ትችል ነበር። አላቆመችም። ትከሻውን መታችው። ጎኑን መታችው። "እረፊ! እረፊ በናትሽ!" እያለ ክንዱን ፊቱ ላይ ሲከልል ክንዱን መታችው። ያ ከባድ ብረት እጇ ላይ ማበጠሪያ ያህል ቀልሎ ነበር። ደስ ብሏታል፤ ኋላ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው።

"በቃ! በቃ አልኩሽ!" ይላል ወንድሟ። እሷ እንደገና አነሳች። ጎሚስታው ደሙን እያንጠባጠበ መጥቶ አናጢው ላይ በደረቱ ተደፋበት። ብረቱ አየር ላይ ቀረ።

ለወይራዋ ሥር ባዘጋጁት እርጥብ ጆንያ የወንድሟን እጅ ጠቀለለች። አናጢውን በብብቱ ይዛ እየጎተተች ከፒክአፑ ኋላ ጫነችው፤ እየነዳች ሁለቱንም ሆስፒታል ወሰደቻቸው። በየጉድጓዱ አናጢው ሲያቃስት ይሰማታል። ሆስፒታሉ በር ላይ ልታወርደው ስትል ልብሷን ያዘ። "ድንጋይ ተናደብን በሉ" አላት። "ሦስታችንም እንዲያ እንበል።" እንዲያ አሉ።

የወንድሟ ቁስል ደረቀ፤ ሁለቱ ጣቶቹ ግን ተቆርጠው ቀሩ። አናጢው ጉልበቱ ውስጥ ብረት ገባለት፤ መሰላል መውጣት ግን አበቃለት። ወይራዋን ሊያይ የሄደ የለም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሱቋ ደንበኛ ሞልቶ ሳለ የአናጢው ሚስት ገባች።

"ድንጋይ ተናደበት ብላችሁኛል" አለች ቆማ። "ባሌ ሌሊቱን ሙሉ 'እረፊ፣ እረፊ' እያለ ይጮሃል። ሰው ድንጋይን እረፊ ይላል?"

ፀጉር አስተካካይዋ ማሽኑን አጠፋች። "ድንጋይ አልተናደም" አለች። "እኔ ነኝ።"

ሴትዮዋ በጥፊ አጮለቻት። ደገመቻት። ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨው ደንበኛ ሊገላግል ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ።

"ተዋት" አለችው ፀጉር አስተካካይዋ። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ነበር። የአናጢው ሚስት ለሦስተኛ ያነሳችውን እጅ እያየች ቆየችና፣ በዚያው እጅ አፏን ይዛ እያለቀሰች ወጣች።

አመሻሹ ላይ ጎሚስታው የእህቱን ፊት አይቶ ማን እንደመታት ጠየቃት። ነገረችው።

"ፖሊስ ብትጠራስ?"

"ትጥራ።"

ጎሚስታው በቀሩት ጣቶቹ በአንዱ ድንክ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሽቦ ሊጠመጥም ሞከረ፤ አምልጦት ወደቀ። "እቱዬ፣ ያን ቀን በቃ ስልሽ አልሰማሽኝም አይደል?"

"ሰምቼሃለሁ ጋሼ።"

ወንድሟ ሽቦውን ከመሬት አንስቶ ሰጣትና፣ ቅርንጫፉን እሱ በቀኝ እጁ ደግፎ ያዘላት።