በሳሊም ስም

«ነፍሱ ስትወጣ በስሙ የጠራው ሰው ነበር?» አለች የትናየት።

ዘሀቢያ ልትሰጣት የዘረጋችውን የሻይ ብርጭቆ ይዛ ቀረች። የትናየት ከጎጃም ተነሥታ የድንበር ከተማዋ ሸሕዲ የደረሰችው ወንድሟ ቢሆነኝ ከተቀበረ በኋላ ነው። አልቅሳ አልቅሳ ድምፅዋ ተዘግቷል። አሁን ከለቅሶው የሸራ ድንኳን ጥግ ሰሌን ላይ ተቀምጣ ይችን ብቻ ትጠይቃለች። እነሱ ዘንድ ሰው ሲያጣጥር ዘመድ ከራስጌው ሆኖ በስሙ ይጠራዋል፤ ብቻዬን ነኝ እያለ እንዳይሄድ።

«እኔ ነበርኩ» አለች ዘሀቢያ። «ከራስጌው አልተነሣሁም።»

«እሰይ! እግዜር ይስጥልኝ እትዬ።»

ዘሀቢያ ይህን ምስጋና ከምትሰማ መሬት ብትውጣት በወደደች።

ቢሆነኝ መጀመሪያ ወደ ቆላው የመጣው እንደ ብዙው ደገኛ ሰሊጥ ሊያርምና ሊያጭድ ነበር። አጨዳው ሲያልቅ ጓደኞቹ በአውቶቡስ ተሳፍረው ሲሄዱ እሱ የሰሊጥ ነጋዴዋ የዘሀቢያ መጋዘን ውስጥ ቀረ። ኩንታል ይሸከማል፣ ከደላላ ጋር ይጨቃጨቃል፣ ሊጣላ የመጣውን ደንበኛ አስቆ ይመልሳል። ዘሀቢያ አልወለደችም። ሰው «ልጅሽ ነው?» ሲላት «አዎ» ማለት ከጀመረች ቆይታለች፤ እሷ ሙስሊም እሱ ክርስቲያን መሆኑም አዎ ከማለት አላገዳትም። የጤና መድን ምዝገባ በመጣ ቁጥር ግን የቀበሌ መታወቂያ አውጣ ስትለው ይስቅባታል።

«ዘንድሮ አገሬ እገባለሁ እትዬ። የምን መታወቂያ ነው?»

ዘንድሮ እያለ ዓመታት አለፉ። እሷም ደግማ አትጨቀጭቀውም፤ መሄዱን ሲያነሣባት ወሬውን ታስቀይረዋለች።

ደም ሲያስታውከው ወደ ሆስፒታል መሮጥ መጣ። ድንበር ማዶ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ የዘሀቢያ መጋዘን ባዶ ነው፤ መድን የሌለውን ሰው የምታሳክምበት አቅም አልነበራትም። አብሯት የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ሳሊም የራሱን የመድን ካርድ አምጥቶ ሰጣት። ፎቶው ደብዝዞ ማንንም ይመስላል።

ቢሆነኝ የሳሊምን ጀለቢያ አጠለቀ። ማተብህን ፍታ ሲሉት ግን እንቢ አለ።

«አልበጥሳትም። አንገትጌው ይሸፍናታል» አለና በዚያ ሕመም መሐል ሳቀ። «ይልቅ የእናንተን ሰላምታ አስተምሩኝ እትዬ፤ እንዳላሳፍራችሁ።»

ነርሷ ደረቱን ልታዳምጥ ስትል ማተቡን አየች። ዘሀቢያንም አየቻት። ከዚያ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስባ አለበሰችውና ወደ ሌላው አልጋ አለፈች። ዘሀቢያ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፍርሃት ገባት። ነገሩ ከታወቀ ካርዱ ይነጠቃል፣ ደም ተሰቅሎለት የተኛው ልጅ ከአልጋው ይወርዳል። ክፍሉ በአስታማሚ ተሞልቷል፤ ጆሮ የሌለው ሰው የለም። ስለዚህ ስታጎርሰው ሳሊም፣ ስታገላብጠው ሳሊም ትለዋለች።

ትንፋሹ መቆራረጥ ሲጀምርም አፏ ያንኑ አወጣ። «ሳሊም! ሳሊም!» ብላ ጮኸች።

ቢሆነኝ ዓይኑን ገለጠ። ማን እንደጠራው አየና «አቤት» አላት። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።

ዘሀቢያ እዚያው ድንኳን ውስጥ ይህን ሁሉ ለየትናየት ነገረቻት። ሰው ይስማ አይስማ ግድ አልሰጣትም።

«ሳሊም ብለው?» አለች የትናየት።

«ፈራሁ።»

«እኔኮ በየዓመቱ ከልጆቼ ጋር አስመዘግበው ነበር! መድን አለው! አገሩ መድን ያለው ሰው ነው ወንድሜ!»

«ነግሮኛል፤ እኔም ሆስፒታሉን ጠይቄ ነበር። ከዚያ ወረዳ ካልተላከ እዚህ አይሠራም አሉኝ።»

«ታዲያ ስሙ ምን አደረገ? ስሙንስ ምን ብለው ቀሙት?»

የትናየት ፊቷን ወደ ሸራው አዙራ ተቀመጠች። ስሙን ቀሙት መባሉ እውነት ስለሆነ ዘሀቢያ አልተቆጣችም።

በዚህ መሐል አምባው የሚባሉ ሽማግሌ ትራክተር ነጂ ገቡ። ከአብደራፊ ሲመለሱ ድንኳኑን ከመንገድ አይተው ነው የመጡት።

«እግዜር ያጥናችሁ። ማን ነው ያረፈው?»

ይህን የሚመልሰው ዘመድ ነውና ሰው ሁሉ ወደ የትናየት ዞረ። የትናየት ፊቷን ከሸራው ሳትመልስ «እሳቸው ይንገሩዎ» አለች።

ዘሀቢያ ተነሥታ ቆመች።

«ቢሆነኝ» አለች። «ቢሆነኝ ነው ያረፈው።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። እሷ ግን መቀመጥ አልቻለችም።

«ቢሆነኝ!» ብላ ተጣራች። «ቢሆነኝ! ልጄ! ቢሆነኝ!»

ሻርፗ ከራሷ ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። የትናየት ከሰሌኑ ተነሣች። ሻርፑን አንሥታ አቧራውን አራገፈችና የዘሀቢያን ራስ መልሳ ሸፈነችላት።