ለማርባት ነው ብዬ የገዛሁት በግ

የትምህርት ዕድሉን የሰጠኝ ቢሮ ከሀርጌሳ ኢሜይል ላከልኝ። ውጭ አገር የምንማር ሁሉ የተጓዝንባቸውን ቦታዎችና ያየናቸውን በዓላት ጽፈን፣ ፎቶ አያይዘን እንድንልክ ይላል። ላክሁ። ከክፍል ጓደኛዬ ከአለምብርሃን ጋር ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ መሄዴን፣ ለሸዋሊድ ሐረር ወጥቼ ከበሮ ሲመታ ቆሜ መዋሌን፣ ሁሉንም አሳምሬ ጻፍኩ። ፎቶዎቹም ቆንጆ ናቸው። የበጉን ነገር ግን አልጻፍኩም። ፎቶ የለውም፤ ደግሞም አፍሬ ነበር። እሱን ለምማርባት ለድሬዳዋ ሰው በአማርኛ እጽፈዋለሁ ብዬ አቆየሁት።

አማርኛውን ያገኘሁት ከእናቴ ነው። ልጅነቷን ያሳለፈችው ድሬ ነው። ቤት ውስጥ በሶማልኛ ታናግረናለች፤ ስትቆጣ ግን በአማርኛ ነው። ስለዚህ እዚህ ስመጣ ቁጣ እንጂ ሰላምታ አላውቅም ነበር። ሰላምታውን ያስተማረችኝ ሳቢያን ሰፈር ቤት ያከራየችኝ አዴ ቱሪያ ናት፤ «አዴ» እዚህ ለእናቶች የሚባል ነው። መጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ስላት ከት ብላ ሳቀችብኝ። «አቦ አንቺ በለኝ፤ በጠዋቱ አታስረጀኝ!»

አዴ ቱሪያ ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኗታል። በግቢው በር ላይ ትንሽ ሱቅ አላት፤ ልጇ ሉብና ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች። እኔ የጓሮዋን ክፍል ነው የተከራየሁት። ስንዋዋል ምግብ አልነበረበትም፤ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ከቀረሁ ስልኬ ይጮሃል። «ዋርያ ሃሺ! የት ቀረህ? ሩዙ ደረቀ እኮ!» ወባ የያዘኝ ጊዜ ሐኪም ቤት የወሰደችኝም፣ ወረፋ ላይ ከሰው ጋር የተጣላችልኝም እሷ ናት። እንዲህ ያለ ሰው በማላውቀው አገር ስለገጠመኝ አላህን ሳላመሰግን ያደርኩበት ቀን ጥቂት ነው።

አረፋ ሲቃረብ፣ ሱቋ በር ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ «ዘንድሮ በግ አርዳለሁ» አለችኝ። «ማሻ አላህ» ብዬ ወደ ስልኬ ተመለስኩ። ነገሩ የገባኝ በኋላ ሉብና ስትነግረኝ ነው።

አባቷ ከሞተ ወዲህ እነሱ ቤት ለአረፋ ታርዶ አያውቅም። በአረፋ ቀን ያረደ ሁሉ ለጎረቤቱ ሥጋ በሰሃን ይልካል። ሰባት ዓመት ሙሉ ሰሃኑ ወደ እነሱ ቤት ሲመጣ እንጂ ከእነሱ ቤት ሲወጣ አልታየም። አዴ ቱሪያ የሰው ሰሃን ባዶውን አትመልስም፤ ብስኩትም ቢሆን ቴምርም ቢሆን ከሱቋ አንስታ ታደርግበታለች። ማንም ክፉ ቃል ተናግሯት አያውቅም። ግን አንድ አረፋ እንኳን ሰሃኑ ከእሷ ቤት እንዲወጣ ትመኝ ነበር። ለዚህ ብላ ዓመቱን ሙሉ ስታጠራቅም ከርማለች። አሥራ አንድ ሰሃን ከወዲሁ አጥባ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍና፣ ቁምሳጥኑ ላይ ደርድራቸዋለች።

ጉልበቷን ስለሚያማት ገበያ ለገበያ መዞር አትችልም። ሉብና ሥራ ላይ ናት። «እኔ እያለሁ!» አልኩ። «ለሶማሌ ልጅ ደግሞ በግ መግዛት ምን ይከብደዋል?»

«አንተ?» አለች ሉብና። «ዶሮ እንኳን ይዘህ ታውቃለህ?»

አላውቅም። አባቴ ሀርጌሳ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ እኔ በግ የማውቀው ሩዝ ላይ ተቀምጦ ሲመጣ ነው። ምን ዋጋ አለው፣ አንዴ አፌ ቀድሞኛል። አዴ ቱሪያም አመነችኝ።

በአረፋ ዋዜማ በሚኒባስ ወደ ቢዮ አዋሌ የከብት ገበያ ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ ወዴት እንደምሄድ ጠይቆኝ፣ «ለአረፋ ነው እንዳትላቸው! ዋጋውን ሰማይ ነው የሚሰቅሉብህ» ሲል መከረኝ። ምክሩ ደስ አለኝ። ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ።

ገበያው ዳር ኦብሲዬ የሚባሉ ሽማግሌ ራሳቸው ጥቁር፣ ገላቸው ነጭ የሆኑ በጎች ይዘው ቆመዋል። አጎቴ ሲያደርግ ያየሁትን ሁሉ አደረግኩ። የአንዱን ጀርባ ተጫንኩ፣ ከንፈሩን ገልጬ ጥርሱን አየሁ፣ እንደ አዋቂ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ለምን ፈለግከው?» አሉኝ።

«ለማርባት ነው።»

ሽማግሌው አሰብ አደረጉና ከኋላ ሌላ በግ ጎትተው አመጡ። ትልቅ፣ ደረተ ሰፊ ነው። «እንግዲያው ይሄን ውሰድ። ዘሩ ጥሩ ነው» አሉኝ። ዋጋውም ከሌላው ቀነስ ያለ ነበር። ገመዱን ተቀብዬ ስሄድ፣ ሽማግሌውን ሸወድኳቸው ብዬ ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር።

አዴ ቱሪያ በጉን ስታይ እጆቿን አፏ ላይ አደረገች። ሉብና ራሷ ዙሪያውን ሳትዞረው «እሺ፣ ተሸንፌያለሁ» አለች። ያን ቀን በሳቢያን እንደኔ የኮራ ሰው አልነበረም።

በበዓሉ ጠዋት ከኢድ ሶላት ተመለስን። ለሰፈሩ የሚያርዱት ጎረቤታችን አው አብዲራህማን ቢላዋቸውን ስለው መጡ። እኔ በጉን አቀረብኩላቸው። ሊያጋድሙት አንገቱን ሲይዙት አንድ ነገር ጠረጠሩ መሰለኝ፣ እጃቸውን በግራ ዓይኑ ፊት አሳለፉ። በጉ ንቅንቅ አላለም። ደግመው አሳለፉ። ጥቁሩን የዓይን ቆብ በአውራ ጣታቸው ገለጥ ሲያደርጉት፣ ዓይኑ ከድሮ የጠፋ ነው።

«ይሄን ማነው የገዛው?» አሉ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ዓይኑ የጠፋ፣ ያነከሰ ወይም የታመመ በግ ለአረፋ እንደማይሆን እኔም ልጅ ሆኜ ቁርአን ቤት ተምሬዋለሁ። ተምሬዋለሁ እንጂ የበጉን ግራ ጎን ዞሬ አላየሁም።

አዴ ቱሪያ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «አይ፣ ለሥጋ ይሆናል፤ ለአረፋ ግን አይሆንም» አለችና ወደ ቤት ገባች። ብዙም ሳይቆይ የጎረቤት ሰሃን መምጣት ጀመረ። ለመጣው ሁሉ በሩን ትከፍታለች፣ «ኢድ ሙባረክ» ትላለች፣ ትስቃለች፣ ቴምር አድርጋ ሰሃኑን ትመልሳለች። በመስኮት ሳይ፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈኑት አሥራ አንዱ ሰሃኖች እንደተደረደሩ ናቸው። ከዚያ በላይ መቆም አልቻልኩም። የበጉን ገመድ ፈታሁ።

«ዛሬ አረፋ ነው! ማን ገበያ ወጥቶ ይጠብቅሃል?» አለች ሉብና።

«የማረጃው ጊዜ ሦስት ቀን ይቀጥላል አይደል?» አልኳትና ወጣሁ።

የበዓል ቀን ስለሆነ ሚኒባስ አልነበረም። አንድ አይሱዙ ለምኜ፣ ከኋላ ከበጉ ጋር ተጭኜ ሄድኩ። ለበዓል የለበስኩት ነጭ ጀለቢያ ምን እንደሆነ አልናገርም። ቢዮ አዋሌ ደርሼ ጥቁር ራስ በግ የሚሸጡትን ኦብሲዬን ብዬ ስጠይቅ፣ አንዲት ልጅ እስከ ደጃቸው አደረሰችኝ። ከቤተሰባቸው ጋር ምግብ ላይ ነበሩ። እኔንም በጉንም ወዲያው ለዩን።

«ኮቱ፣ ና ግባ» አሉኝ።

«አባቴ፣ ይሄ በግ ዓይኑ...»

«መጀመሪያ ብላ። በአረፋ ቀን ቆሞ የሚወራ ነገር የለም።»

ቁጭ ብዬ በላሁ። ስጨርስ፣ «ዓይኑ እንደማያይ ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«አሳድጌው የለ? እንዴት አላውቅም? ግልገል ሆኖ እሾህ ወጋው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

ገረማቸው። «ለማርባት ነው አላልክም? ለማርባት ዓይን ምን ያደርግለታል? ጥርሱን ስታይ፣ ጀርባውን ስትጫን አየሁህ፤ የሚያውቅ ልጅ ነው፣ ዞሮ አይቶታል ብዬ ዋጋውን ቀነስኩልህ። ለአረፋ ነው ብትለኝ ኖሮ ገመዱንም አላስይዝህም ነበር።»

የምገባበት ጠፋኝ። ዋጋ እንዳይጨምሩብኝ ብዬ መዋሸቴን እዚያው በልጆቻቸው ፊት ነገርኳቸው። ስለ አዴ ቱሪያ፣ ስለ ሰባቱ ዓመት፣ ስለ ሰሃኖቹም ነገርኳቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ተነስተው ወደ በረት ወሰዱኝና አንድ በግ ለዩ። «አሁን አንተ እየው» አሉኝ። ዙሪያውን ዞርኩ። ሁለቱን ዓይኖቹን፣ ጆሮዎቹን፣ አራት እግሮቹን አንድ በአንድ አየሁ። አራምደው አሳዩኝ። በልውውጡ ላይ ጭማሪ ልስጥ ስል ተቆጡ።

«እኔ የምፈልገው ሌላ ነው» አሉ። «ለሴትዮዋ የዋሸኸውን ራስህ ንገራት።»

አይሱዙው ሲመለስ አሳፍሮኝ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ሳቢያን ገባሁ። አዴ ቱሪያ በር ላይ ቆማ ነበር። በጉን አላየችም፤ መጀመሪያ እኔን ነው ያየችው። «ስልክህን ለምን ዘጋህ? በበዓል ቀን ልታሳብደኝ ነው?» አለችኝ። በእናቴ ድምፅ ነው የተቆጣችኝ፤ ቃል በቃል የእናቴ ቁጣ። እንባዬ መጣ።

እዚያው በር ላይ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሰውዬው ምክር፣ ስለ «ለማርባት»፣ ሽማግሌውን ሸወድኳቸው ብዬ ስለ መሳቄ። ጨርሼ፣ «አፉ በይኝ» አልኩ። እዚህ በአረፋ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው እንዲህ ነው።

አዴ ቱሪያን ሳቅ አፈናት። «ለማርባት! እስቲ አሁን የት ልታረባው ነበር? እኔ ሱቅ ውስጥ?» ሉብና መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነው የሳቀችው። «አፉ ብያለሁ ልጄ» አለች አዴ ቱሪያ፤ «ግባ፣ ልብስህን ቀይር፣ ትሸታለህ።»

በማግስቱ ጠዋት አው አብዲራህማን ተመልሰው መጡ። በጉን ዞረው ዞረው አዩት፤ በእኔ ፊት ሆን ብለው ሁለት ጊዜ። ከዚያ አጋደሙትና እኔ የኋላ እግሩን ያዝኩ።

«በማን ስም ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«በእኔና በቤተሰቤ» አለች አዴ ቱሪያ። «በሉብና፣ በሃሺ።»

አንድ በግ ለአንድ ቤት ሰው ሁሉ እንደሚበቃ አውቃለሁ። ከዚያ ቤት ሰው መሆኔን ግን አላውቅም ነበር። የያዝኩትን እግር ለቀቅኩት፤ በጉ ተራገጠ፣ አው አብዲራህማን ጮኹብኝ። ተንበርክኬ እንደገና ያዝኩት።

ነጩ ጨርቅ ተነሳ። አዴ ቱሪያ ራሷ እየቆረጠች፣ ራሷ እየመረጠች አሥራ አንዱንም ሰሃን ሞላች። ለማንም መናኛውን ሥጋ አላደረገችም። እያንዳንዱን ይዤ ስወጣ ከበር ሆና በዓይኗ ትከተለኛለች፤ ተቀባዩ ወጥቶ ሰሃኑን ሲቀበለኝ እስክታይ ወደ ውስጥ አትገባም ነበር። የአረፋ ሥጋቸውን ጨርሰው የነበሩ ጎረቤቶች እንኳን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

የመጨረሻው ሰሃን በመንገዱ ጥግ ለሚኖሩት ለእማማ ዴቃ ነበር። ዓይናቸው ደከም ስላለ ቀረብ ብለው አዩኝ።

«ከማን ነው?» አሉኝ።

«ከእኛ ቤት» አልኩ።

ሰሃኑን ወደ ውስጥ ይዘው ገቡ። ሲመለሱ ቴምር ሞልተውበታል።

«ባዶውን አንመልስም» አሉኝ። «ይሄን ለእናትህ አድርስ።»

ላርማቸው አልፈለግኩም። ሰሃኑን በሁለት እጄ ይዤ፣ በር ላይ ቆማ ወደምትጠብቀኝ ሄድኩ።