ጥርሱ ያልተሰበረ ካሴት

እኔ ታቢታ በካሴት ሥራ ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈልግም። ፒያሳ፣ ጋሼ ሙክታር ሙዚቃ ቤት ስድስት ዓመት ሙሉ ስቀዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ካሴት ከጀርባው ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች አሉት፤ እኛ ጥርስ እንላቸዋለን። ጥርሱን የሰበሩት ካሴት ላይ ሌላ ነገር አይቀዳም፤ ካልተሰበረ ግን ያገኘው ሁሉ ይጫንበታል። ይህን ለደንበኛ ሁሉ ስለፍፍ ኖሬ ለራሴ ሳልሆን ቀረሁ።

የቤታችን ዝና "የአፍሪካ ዓመት" የምንለው ካሴት ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከአጭር ሞገድ ሬዲዮ ላይ የዛየሩን፣ የኬንያውን፣ የሱዳኑን፣ የናይጄሪያውን ዘፈን እየለቀምኩ እቀዳለሁ። ጳጉሜ ላይ የተሻለውን መርጬ አንድ ዋና ካሴት እሠራና እሱን እያባዛን ለእንቁጣጣሽ እንሸጣለን። የዘፈኖቹን ስም ማን ያውቃል? ስም አውጪዋ እኔው ነኝ፦ "ዛየር፣ ጊታሩ የሚያለቅሰው"፣ "ኬንያ፣ የሠርጉ"፣ "ሱዳን፣ ቀስ ያለው"። ቀበሌውም የአፍሪካ ወንድሞቻችን ነገር ነው ብሎ አይነካንም። ሰባ ሰባት ደግሞ የዘፈን ዓመት ነበር፤ ዛየሮቹ ጊታር ከእጃቸው አልወረደም።

ወንድሜ ኩማ ብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ከሄደ ዓመት አልፎታል። ግንቦት ላይ በአንድ ቁስለኛ ወታደር እጅ ካሴት ላከ። ያው እንደ ደብዳቤ ነው፤ በሲዳምኛ ሰላምታ፣ ሳል፣ ደግሞ ሰላምታ፣ መጨረሻ ላይ "እማዬ፣ እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ"። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ወዲህ እሁድ እሁድ የምንጸልየው ቤት ውስጥ ነው። እናቴ ካሰች ከጸሎት በኋላ ያንን ካሴት ካልሰማች ምሳ አትቀምስም።

ካሴቱ የመጣ ዕለት ጥርሱን ልሰብር መቀስ ባነሳ እማዬ እጄን ለቀም አደረገችው።

"አንቺ ሟርተኛ! ይመጣል የሚባል ሰው ዕቃ ይሰበራል? የሚሰበረው የሞተ ሰው ነገር ነው!"

"ፕላስቲክ እኮ ነው፣ እማዬ" ብል ማን ሰምቶኝ። ተውኩት።

ነሐሴ መጨረሻ የቤታችን ቴፕ ካሴቱን በላው። ልጠግነው ሱቅ ወሰድኩት፣ የተበጠሰውን ቀጠልኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። በዚያ ሰሞን ባዶ ካሴት ከገበያ ጠፍቶ አሮጌ ላይ ነበር የምንቀዳው። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። የዓመቱን ዋና ካሴት ቀድቼ ጨረስኩ፣ ጋሼ ሙክታርም እዚያው አባዝቶ መሸጥ ጀመረ። ኋላ ዋናውን አውጥቼ ሳየው በራሴ ጽሕፈት "ኩማ" ይላል። ምነው እጄን በቆረጠው! ዕለቱ ሐሙስ ነበር። እሁድ እማዬ ትጠይቀኛለች።

ዓርብ ጠዋት ልብስ ሰፊው አቶ ደበሌ የገዙትን ካሴት ይዘው መጡ።

"ታቢታ፣ ከሱዳኑና ከዛየሩ መሃል የገባው ሰውዬ ማነው?"

"የምን ሰውዬ፣ አቶ ደበሌ?"

"በሲዳምኛ የሚያወራው ነዋ። ትንሽ ትንሽ እሰማለሁ፤ ስለ ዛፍ ነው የሚጠይቀው።"

ጋሼ ሙክታር ሳቀ። "የቴፑ ማጥፊያ ሄድ ቆሽሾ ነው። የድሮው ድምፅ ከሥር ቀርቷል።"

እውነቱን ነው፣ በሥራችን ያጋጥማል። እኔማ በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ፤ የወንድሜ ድምፅ አልጠፋም ማለት ነው! ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ያንን ካሴት ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤ ኩማ ስለ ዛፍ ያነሳው ነገር አልነበረም።

ሄዱን በአልኮልና በጥጥ ወልውዬ ዋናውን ካሴት ከፈትኩት። ሱዳኑ አለቀ። ሽሽሽ የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ሳል። የኩማ ሳል። ቀስ ብሎ ተናገረ፦ "እማዬ፣ ደጃፉ ላይ የነበረውን ዋንዛ ምን አደረጋችሁት? ቤቱን የማውቀው በእሱ ነበር። ሁለት ጊዜ አልፌው ሄድኩ።"

ዋንዛውን የቆረጥነው ሐምሌ ላይ ነው፣ ነፋስ ሰንጥቆት። ካሴቱ የመጣው ግንቦት። ማንም ደግሞ አልጻፈለትም፤ አድራሻውን መች አውቀን!

መልሼ አዞርኩት። ሱዳኑ ደከመ፣ የኩማ ድምፅ ጎላ። በሦስተኛው ዙር ዘፈኑ ከማዶ ሰፈር እንደሚሰማ የሠርግ ቤት ራቀ፣ ኩማ ግን ጆሮዬ ሥር ነው። "ታቢታ ትከፍትልኛለች" አለ። ጋሼ ሙክታር ሲዳምኛ አይሰማም፤ የእኔን ፊት አይቶ ነው መሰለኝ "ቢስሚላሂ!" ብሎ ሶኬቱን ነቀለው። ሶኬቱ ተነቅሎ ሳሉ አንዴ ተሰማ። ሁለታችንም ሰምተናል፤ አፌ ቁርጥ ይበል ከዋሸሁ።

"ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም" አለ ላቡን እየጠረገ። "ውሰጂው፣ ልጄ። የሸጥኩትንም እሰበስባለሁ።"

እሁድ ከጸሎት በኋላ እማዬ ወንበሯን ወደ ቴፑ አስጠጋች። ልዋሻት አስቤ ነበር፣ አቃተኝ።

"እማዬ፣ ዘፈን ቀድቼበታለሁ። ይቅር በይኝ። ድምፁ ግን ከመሃል አለ" ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

"ክፈቺው" አለች። ዓለማዊ ዘፈን ቤቷ ገብቶ የማያውቅ ሴትዮ እጇን አጣምራ የኬንያን ሠርግ ከዳር እስከ ዳር ሰማች። "ምን እንዲህ ያስጮኻቸዋል?" አለች አንዴ።

ሱዳኑ አለቀ። ኩማ ሳለ፣ ስለ ዋንዛው ጠየቀ። እማዬ አልደነገጠችም።

"ነፋስ ሰንጥቆት ነው፣ የኔ ልጅ" ብላ መለሰችለት።

ቴፑ ሽሽሽ አለ። ቆይቶ፦ "እሺ። አሁን አወቅኩት። ደጅ ነኝ" አለ።

ዓርብ ዕለት ይህ ቃል አልነበረም። ልነሳ ስል እማዬ ጉልበቴን ያዘችኝ። የዛየሩ ጊታር ጀመረ፣ እስኪያልቅ ተቀመጥን። ከዚያ ራሷ ተነስታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነው። ከዋንዛው ጉቶ በቀር ማንም የለም። እሷ ግን ሰው እንደምታሳልፍ ሁሉ ፈቀቅ ብላ ለአፍታ ቆመች።

ተመልሳ ካሴቱን አወጣች፣ በቀሚሷ ጠረገችው። መቀሱን አምጥታ እጄ ላይ አኖረችው።

"ጥርሱን ስበሪው" አለችኝ።