ሳይተረጎም የቀረው «አንተ»

የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች አስተርጓሚዋን «ቧንቧ» ይሏታል። በአንድ በኩል የገባው በሌላ በኩል ይወጣል፤ ሳይጨመር፣ ሳይቀነስ። ሲያሞግሷት ይሁን ሲያሾፉባት ለይታ አታውቅም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከራሷ አንዲት ቃል ጣል አድርጋ ስለማታውቅ ግን በውስጧ ትኮራበታለች።

የዚያን ጠዋት ባለጉዳዮች ልብስ ሰፊና ሚስቱ ነበሩ። ሰውየው ሃምሳን ተሻግሯል፤ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አለው። ሚስቱ በአሥር ዓመት ታንሰዋለች፤ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። ቪዛዋ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ጋብቻው የእውነት ነው ከተባለ ትቀመጣለች፤ ለወረቀት ነው ከተባለ ሻንጣዋን ትሸክፋለች።

መርማሪው መጀመሪያ ለየብቻ ጠየቃቸው። ማን ቀድሞ ይነሳል? ሻይ በስንት ስኳር? የጥርስ ብሩሹ ምን ዓይነት ቀለም ነው? ሴትየዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ መለሰች። «እሳቸው ቀድመው ይነሳሉ። ሻይ ያለ ስኳር ነው የሚጠጡት። የእሳቸው ብሩሽ ሰማያዊ ነው።»

አስተርጓሚዋ «እሱ ቀድሞ ይነሳል» ብላ አሳለፈች። በመርማሪው ቋንቋ «እሱ» እና «እሳቸው» አይለዩም፤ «አንተ»ም «አንቺ»ም «እርስዎ»ም ተጨፍልቀው አንዲት ቃል ሆነዋል። በሆዷ ግን «ይቺ ደግሞ ምን ዓይነት ሚስት ናት? ስለ አለቃዋ የምታወራ እኮ ነው የምትመስለው» አለች። መፍረድ ሥራዋ አልነበረም፤ ፈረደችባት።

ቀጥሎ ባልና ሚስቱ አብረው ገቡ። መርማሪው ወረቀቱን ገለጠ።

«አንድ ቦታ ላይ መልሳችሁ አይገጥምም» አለ ወደ ልብስ ሰፊው ዞሮ። «ባለቤትዎ የመኝታ ቤቱ መስኮት ተከፍቶ ያድራል ብለዋል። እርስዎ ደግሞ ተዘግቶ ያድራል አሉ። አንድ ክፍል የሚተኙ ሰዎች ይህን እንዴት ያጡታል?»

አስተርጓሚዋ ተረጎመችላቸው። ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፋ።

«ይዘጋል እኮ» አለ ወደ ሚስቱ ሳያይ። «እንቅልፍ ሲወስድሽ ተነስቼ እዘጋዋለሁ። ሳትነቂ ደግሞ እከፍተዋለሁ።»

ሴትየዋ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። «አንተ! አንተ ነህ ለካ! እኔ ሞኟ ሙቀቱ ከየት መጣ እያልኩ ብርድ ልብሱን ስወረውር አድራለሁ!»

«ያስልሻላ።»

«ታዲያ አትነግረኝም? ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«ብነግርሽስ እሺ ልትዪኝ ነው? አንቺ ግትር!»

አስተርጓሚዋ አንድም ሳታስቀር አሳለፈች፤ መስኮቱንም፣ ሳሉንም፣ ግትርነቱንም። መርማሪው ግን ወይ ፍንክች። የተያዘ ሰው ምክንያት ሲደረድር ስንት ጊዜ ሰምቷል። እስክሪብቶውን አንስቶ «መልሶቹ ይጋጫሉ» ብሎ መጻፍ ጀመረ።

አስተርጓሚዋ ፊደሎቹን አየች። ሁሉን አሳልፋ ዋናዋ ቃል እጇ ላይ ቀርታለች። ሴትየዋ ራሷ እንኳ ያቺ «አንተ» እንዳመለጠቻት አላወቀችም።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አወጣች። «ማስተካከያ አለኝ።»

መርማሪው ቀና አለ። «ስህተት አለ?»

«የቀረ አለ። በእኛ ቋንቋ ለአለቃና ለማናውቀው ሰው አንድ አጠራር አለ፤ ለቅርብ ሰው ሌላ። ጠዋቱን ሙሉ ባሏን በሩቁ ነበር የጠራችው። አሁን ስትናደድ በቅርቡ ጠራችው።»

«ለምን? ይጠየቁ።»

ሴትየዋ ስትጠየቅ አፏን በእጇ ያዘች። «አንተ አልኩት እንዴ? በሞትኩት! ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ቢሮ ውስጥ ባልሽን አንተ ካልሽ የናቅሽው ይመስላል ብለው መከሩኝ። ቤት ውስጥማ እርስዎ ብዬ ብጠራው ያመመኝ ነው የሚመስለው።»

ይህም ተተረጎመ። መርማሪው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ። «በአንዲት ቃል ባልና ሚስት መሆን ይታወቃል?»

አስተርጓሚዋ ቧንቧ ብትሆን ኖሮ እዚህ ላይ ታበቃ ነበር።

«ይሄ የራሴ ነው፤ ትርጉም አይደለም» አለች። «የእኔ ባል በተቃራኒው ነው የሄደው። አንድ ቀን ቁርስ ላይ "እርስዎ" አለኝ። የፍቺው ወረቀት የመጣው ከዓመት በኋላ ነው። እኔ ግን የተፈታሁት ያን ጠዋት ነው።»

መርማሪው የጻፈውን ሰረዘው። ወደ ባልና ሚስቱ ዞሮ «ከዛሬ ወዲያስ መስኮቱ እንዴት ያድራል?» ሲል ጠየቀ።

«ተከፍቶ» አለች ሴትየዋ፤ «ተዘግቶ» አለ ልብስ ሰፊው፤ እኩል። መርማሪው ትርጉሙን እንኳ ሳይጠብቅ ሳቀና ፈረመ።

ኮሪደሩ ላይ ሴትየዋ እየሮጠች ደረሰችባት። የአስተርጓሚዋን እጆች በሁለት እጇ ይዛ «እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት። «እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ እኮ...»

«አንቺ በዪኝ» አለች አስተርጓሚዋ። «እባክሽ፣ አንቺ በዪኝ።»