የግዙፉ ሰው መቃብር

ዓብዱልባሲጥ በዒድ ማግስት አሜሪካ፣ ስካይዌይ በሚባለው ሰፈር አክስቱ ቤት ለተሰበሰቡት ልጆች ስለ ረጅሙ መቃብር ሲያወራ፣ በእንግድነት የመጡት ወይዘሮ ናፊሳ ወጥ ቤት ሰሃን እያጠቡ ይሰሙ ነበር። ወሎ ውስጥ፣ እሱ ባደገበት ገጠር፣ ቁመቱ ከአሥራ ስድስት ክንድ የሚበልጥ መቃብር አለ። ያገሩ ሰው ግዙፍ ሰው ተቀብሮበታል ይላል፤ ወንዙን ባንድ እርምጃ የሚሻገር፣ አንድ በሬ ለምሳ የማይበቃው። ዓብዱልባሲጥ የግዙፉን ማንኮራፋት ሳይቀር አስመሰለላቸው። ልጆች ሳሉ ሊለኩት ብለው እላዩ ላይ ራስና እግር ገጥመው ሲጋደሙ ሰባት ልጅ እንደሞላው ሲነግራቸው ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ማምሻውን ወይዘሮ ናፊሳን ኖርዝጌት ወዳለው ቤታቸው በመኪናው ራይድ የሰጣቸው እሱ ነበር። ያገሩ ሰው መሆናቸውን ቢያውቅም ስለ ቀያቸው አንስተውለት አያውቁም። ሃይዌይ ላይ እንደወጡ፣

«ሰባት ልጅ ነው የሞላው ያልካቸው?» አሉት።

«አዎ እትዬ፣ ሰባት።»

«ልክ ነው። ሰባት ነበሩ።»

እየሳቀ ዞር ቢል እሳቸው አልሳቁም። እዚያ የተቀበሩት በሰባ ሰባቱ ረሃብ የሞቱ ወንድሞቻቸው፣ እህቶቻቸውና ያጎታቸው ልጆች ናቸው። አባታቸው አዲስ ጉድጓድ የሚጀምሩበት ጉልበት ስላልነበራቸው፣ አንዱ በሞተ ቁጥር የፊተኛውን ከእግሩ በኩል ያስረዝሙት ነበር። ኋላ የተረፈው ሰው ተበተነ፤ አዲስ የሰፈረው ደግሞ ርዝመቱን ብቻ አየ። ግዙፍ ሰው አለበት ሲባል ማንም ደፍሮ ስላላረሰው ወይዘሮ ናፊሳም ዝም አሉ። እሱም ዝም እንዲል ለመኑት።

የዓብዱልባሲጥ ፊት ጋለ። ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት ሌላ ነገር አመለጠው።

«ሁለት ድንጋይ ወስጄበታለሁ። ለኳስ፣ ጎል ልንሠራበት።»

«ልጅ ነበርክ» አሉት።

ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ዛሬ ከሰዓት ሲያስቅበት የዋለው ልጅ ሆኖ አይደለም።

ደጃቸው ፓርክ አድርጎ በሩን ሲከፍትላቸው ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። የሟቾቹን ስም ጠየቃቸው። «ሌላ ቀን» ብለው ገቡ።

በማግስቱ አገር ቤት ላለው ወንድሙ ለከማል ደውሎ፣ ሁለት ደህና ድንጋይ መርጦ መቃብሩ ላይ እንዲያኖርለት ለመነው። ምክንያቱን አልነገረውም።

«አሜሪካ ገብተህ ነው እንዴ ግዙፉን የፈራኸው?» ብሎ ከማል ሳቀበት።

«አዎ፣ ፈራሁት» አለው።